መጥረጊያ ይዘው የገቡት አብራሪ

ዘንድሮ ከዘመድ ርቀው በከተማችን አፈር ስለቀሩ አንድ ሰው ጥቂት ላጫውታችሁ።

ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ያደጉት በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር፣ ጋልፍፖርት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። በታስኪጊ ትምህርት ቤት የመኪና ሙያ ተምረው ቺካጎ ገቡ። ልባቸው ግን አይሮፕላን ላይ ነበር። በከተማው የነበረው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁር ናቸው ብሎ አልቀበልም አላቸው።

ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ! ክፍሉን እየጠረጉ ጆሯቸው መምህሩ ዘንድ ነው። ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ከጓደኛቸው ከኮርኒሊየስ ኮፊ ጋር የሰሙትን በእጃቸው ይሞክራሉ፤ የሞተር ብስክሌት ሞተር የገጠሙላት ትንሽ አይሮፕላን እስከ መሥራት ደረሱ። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ተረታ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1931 ተመረቁ። ይባስ ብሎ ያ ትምህርት ቤት ሮቢንሰንን ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩ ቀጠራቸው።

ትምህርቱ ቀላል አይምሰላችሁ። አስቀድሞ ሞተር መፍታትና መግጠም፣ የአየር ጠባይ ማወቅ፣ ካርታ ማንበብ አለ። ከዚያ ከአስተማሪ ጋር መብረር፣ ቀጥሎ ብቻን መነሣትና ማረፍ፤ የመንግሥት መርማሪ ፈትኖ ሲያልፉ ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱም ደረጃ አለው፤ ለራሱ የሚበር ሰውና መንገደኛ የሚጭን ሰው አንድ አይደሉም። ማረፊያ ሜዳ የሚፈቅድላቸው ስላልነበረ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደር መሬቱን ራሳቸው አስተካክለው ሜዳ ሠሩ። ማዕበል መጥቶ መጠለያውን ቢያፈርስባቸው ወደ ሌላ ሜዳ ዞሩ እንጂ አልተዉትም። ከተማሪዎቹ አንዷ ነርስ ነበረች፤ በራሷ ገንዘብ አይሮፕላን ገዝታ ጓደኞቿም እንዲማሩባት አደረገች። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው።

በ1927 ዓ.ም. በመላኩ በያን አማካይነት ተጠርተው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ዓድዋን በቦምብ ሲደበድብ እዚያው ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆነው፣ መሣሪያ በሌላት አይሮፕላን ከግንባር ወደ አዲስ አበባ መልእክት አመላለሱ። አገር ሲያዝ ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ግን ባለሙያዎች አስከትለው እንደገና መጥተው የኢትዮጵያ ወጣቶችን በረራ አስተማሩ። ኋላ ከስዊድናዊው ከካውንት ፎን ሮዘን ጋር ተጣልተው ከአየር ኃይሉ ወጡ። ከአገሩ ግን አልወጡም።

መጋቢት 1946 ዓ.ም. የሚያበሯት ትንሽ አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ወደቀች። አብሯቸው የነበረው ሰው፣ ነገሩ ሲገርም፣ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር፤ እሱም ሞተ። እሳቸው ሁለት ሳምንት ያህል ከቁስላቸው ጋር ታግለው መጋቢት 18 ቀን አረፉ፤ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀበሩ። ጓደኛቸው ኮፊ ቺካጎ ውስጥ ሲያስተምሩ ኖረው ያረፉት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው።