ፊታቸውን ለተማሪ የሰጡ መምህር
(የሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን አጭር የሕይወት ታሪክ)

ስለ አዲስ አበባ ጃዝ ሲነሳ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጡት ሙላቱ አስታጥቄና ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። ይገባቸዋልም። እኛ ግን ነገ ጠመኔ ይዘን ክፍል የምንገባ ሰዎች ስለሆንን አንድ ጥያቄ ልናክልበት ይገባል። ለመሆኑ በዚያ ዘመን ሙዚቀኞቹን ኖታ ያስቆጠረ፣ ትራምፔቱንና ሳክስፎኑን ከእኛው ቅኝት ጋር ያስማማ መምህር ማን ነበር? መልሱ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ከሁሉም ይበልጥ መጠራት ካለባቸው አንዱ ግን ሙዚቀኞቹ «ሙሴ ነርሲስ» የሚሏቸው ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው። «ሙሴ» ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ የውጭ ተወላጆች በአክብሮት ይጠሩበት የነበረ ቃል ነው።

ነርሲስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1915 በኦቶማን ቱርክ ግዛት፣ አይንታብ በምትባል ከተማ ነው። ያ ዓመት አርመኖች በጅምላ መጨፍጨፍና ከቀያቸው መነቀል የጀመሩበት ክፉ ዘመን ነበር። ቤተሰባቸውም ተሰዶ ሶርያ፣ አሌፖ ከተማ ገባ። ነርሲስ ያደጉት እዚያ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን መንገድ ቀድመው የጠረጉት አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የሚያድጉና የነፋስ መሣሪያ የሚጫወቱ ወላጅ አልባ ልጆች አዩ። አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ወሰኑ፤ አስተማሪያቸው እንዲሆኑም ኬቮርክ ተመረጡ። እነዚህ በታሪካችን «አርባ ልጆች» የሚባሉት ናቸው። አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከጅቡቲ የሚመጣ ባቡር በአዋሽ፣ በእኛዋ አዳማና በሞጆ በኩል ነበር የሚያልፈው። እንግዲህ የዘመናዊ ሙዚቃችን አንድ ምዕራፍ በዚሁ በደጃችን አልፏል ማለት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ የተሰማውን የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ የደረሱትም ኬቮርክ ናቸው።

ነርሲስ አጎታቸውን ተከትለው የመጡት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች ነው። ፒያኖና ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር፤ ዋናው ሙያቸው ግን ማስተማር ሆነ። ከነፃነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን መምራት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ባንድ ማለት በአብዛኛው ለሰልፍና ለክብር ዘብ የሚነፋ ነበር። በአሜሪካ በነግሌን ሚለር ዘመን የታወቀው ዓይነት ትልቅ የጃዝ ባንድ፣ ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑና ሳክስፎኑ በየረድፉ ተቀምጦ እየተቀባበለ የሚጫወትበት፣ ገና መልመድ ነበረበት።

ዋናው ፈተና የመጣው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው። ባለ ማሲንቆውም ዘፋኙም አንዱን ዜማ አብረው ነው የሚሄዱበት። የአውሮፓ ሐርመኒ ግን የተሠራው በሰባት ድምፅ ላይ ሲሆን የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ደራርቦ ያሰማል። ይህን ደንብ እንዳለ አምጥተህ ትዝታ ላይ ብትጭነው ቅኝቱ የሌለው ድምፅ ይገባበትና ጣዕሙ ይጠፋል። አንቺ ሆዬማ በጣም የተቀራረቡና በጣም የተራራቁ ድምፆች ጎን ለጎን ስላሉበት ከሁሉም ያስቸግራል።

ታዲያ አንድ የውጭ ተወላጅ መምህር ሁለት ቀላል መንገድ ነበረው። አንደኛው ቅኝቱን ትቶ የአውሮፓን ዘፈን ማስጠናት ነው። ሁለተኛው መሣሪያውን አስተምሮ የቀረውን እንደፈለጋችሁ ብሎ መተው ነው። ሙሴ ነርሲስ ሁለቱንም አልመረጡም። የተማሪዎቻቸውን ቅኝት ራሳቸው ተቀምጠው አጠኑ። ጣዕሙ ሳይበላሽ በብዙ መሣሪያ እንዴት እንደሚደረደር ፈለጉ፤ ያገኙትንም ለእያንዳንዱ መሣሪያ በኖታ ጻፉ። ለማስተማር መጥተው መጀመሪያ ተማሪ ሆኑ ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ1948 ዓ.ም. በንግሥናው 25ኛ ዓመት በዓል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ። ሙሴ ነርሲስ በዚያ ኦርኬስትራም ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። የፖሊስ ኦርኬስትራንም አሠልጥነዋል። የሳክስፎን ንጉሥ የተባሉት ጌታቸው መኩሪያ በማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመሩት ገና በ13 ዓመታቸው ገደማ ነው፤ በኋላም ወደ ቴአትሩ ተሻግረዋል። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱት በራሳቸው ተሰጥኦ ነው፤ ያንን ማንም አልሰጣቸውም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ልጅ መሣሪያ ይዞ የሚያድግበት ቤት ያስፈልገው ነበር። ያን ቤት ካቆሙት አንዱ ነርሲስ ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄም በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምረው ኢትዮ-ጃዝን ይዘው ሲመለሱ፣ ኖታ የሚያነብና ትልቅ ባንድ የለመደ ሙዚቀኛ አዲስ አበባ ውስጥ ነበር።

ሙሴ ነርሲስ በኋላ ያሬድ ተብሎ የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዲመሠረት ከደከሙት መካከል ናቸው። መዘምራንንም መርተዋል። ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ለአህጉሪቱ መዝሙር ደርሰዋል። አገር አጥቶ የተወለደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነት አገኘ፤ በኖታውም ለአፍሪካ አንድነት ዘመረ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ጊዜው የሰዓት እላፊ ጊዜ ነበርና የአዲስ አበባ የሌሊት ሙዚቃ ተቀዛቅዞ፣ ብዙ ባንድ ተበትኖ ነበር። ስማቸውም በዚያው ደብዘዝ አለ።

ሆኖም ሥራቸው በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የአሜሪካ ጃዝ ባንድ የእሳቸውን ቅንብሮች አዲስ አበባ ውስጥ ተጫወተ። ደራሲው ከሞቱ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸው፣ አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ኖታቸውን አንብበው አሰሙት።

የኦርኬስትራ መሪ እንዴት እንደሚቆም አስተውላችኋል? ጀርባውን ለተመልካች፣ ፊቱን ለሙዚቀኞቹ ሰጥቶ ነው። ጭብጨባው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ተጫዋቹን ነው። የመምህርነት ሙያም እንዲሁ ነው። ነገ ከመካከላችን አንዱ በቦራ ወይም በዱግዳ ገጠር ሲመደብ የሚጠብቁት ልጆች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። የእረኛ ዘፈን፣ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ የራሳቸውን ቋንቋና አቆጣጠር ይዘው ይመጣሉ። ያንን ጥሉ ብለን የእኛን ብቻ ብናስቆጥር ሥራው ይቀለናል፤ ልጁ ግን አንድ ነገር አጥቶ ይወጣል። ያመጣውን ሰምተን በዚያ ላይ ብንገነባ ሥራው ይከብደናል። ሙሴ ነርሲስ ከባዱን መርጠው ነው ትዝታን በትራምፔት ያሰሙን።

ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ስምም የለውም እየተባለ ሙያችን በሚናቅበት በዚህ ጊዜ ይህን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ስም ቢቀር እንኳ በሚገባ የተዘጋጀ ትምህርት አይቀርም። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ በሬዲዮ የድሮ ዘፈን ስትሰሙ ከዘፋኙ ድምፅ ሥር ያለውን የነፋስ መሣሪያ ለይታችሁ አዳምጡ። እዚያ ውስጥ የመምህር እጅ አለ።