ሄልሙት ግሮትሩፕ፦ ከሮኬት ቁጥጥር ወደ ስማርት ካርድ

ለስማርት ካርድ አንባቢ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ የሚረዳው ካርዱ ከራሱ ተነሥቶ እንደማይናገር ነው። አንባቢው ኃይልና የክሎክ ምት ሰጥቶ ሪሴት ሲያደርገው ካርዱ ቢበዛ በ33 ባይት ማንነቱንና የሚናገርበትን ፕሮቶኮል ያሳውቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው በታዘዘ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ካርድ ጥንስስ ጀርባ ስላለው ሰው ነው (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ሄልሙት ግሮትሩፕ በ1916 በኮሎኝ ተወለደ። በፔነሙንደ የቪ-2 ሮኬት መቆጣጠሪያ ክፍል መሐንዲስ ነበር። በመጋቢት 1944 ጌስታፖ ከቬርነር ፎን ብራውን ጋር አስሮ ፈታው። ስለ ቺፕ ካርድ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ዘመን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ሮኬቱ ግን በእስረኞች ጉልበት የተመረተና በከተሞች ላይ የተተኮሰ መሣሪያ ስለነበር፣ የሕይወት ታሪኩ ይህን ሊዘል አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ከጦርነቱ በኋላ ፎን ብራውን ወደ አሜሪካ ሲሄድ እርሱ ለሶቪየቶች ሠራ። በጥቅምት 1946 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወስዶ በጎሮዶምልያ ደሴት ቆየ፤ የተመለሰው በ1953 ነው።

በምዕራብ ጀርመን ወደ መረጃ ማቀነባበሪያ ሥራ ዞረ። በ1967 ያስመዘገበው ሐሳብ ሠራተኛ በሌለበት ነዳጅ ማደያ ቀጂውን የሚለይ፣ በቀላሉ የማይቀዳ የሴሚኮንዳክተር ቁልፍ ነበር። በ1968 ከዩርገን ዴትሎፍ ጋር በኦስትሪያ፣ በ1969 ደግሞ በጀርመን ለተቀናጀ ሰርኪዩት መለያ ፓተንት አመለከቱ። የሐሳቡ ክብደት ለእኛ ሙያ ግልጽ ነው፦ መግነጢሳዊ ሰቅ ያለውን ሁሉ ለአንባቢው ይሰጣል፤ ቺፕ ግን ምሥጢሩን ውስጡ ይዞ ውጤቱን ብቻ ሊመልስ ይችላል። ድራይቨሩ በጥያቄና መልስ የሚዋቀረውም ለዚህ ይመቻል።

ፈጠራውን በ1974 ፓተንት ላስመዘገበው ፈረንሳዊ ሮላን ሞሬኖ ብቻ መስጠት የተለመደ ነው። የሞሬኖ ድርሻ ትልቅ ቢሆንም፣ የቀደመውን ማመልከቻ መዘንጋት ተገቢ አይመስለኝም። በሌላ በኩል ግሮትሩፕ ዛሬ ድራይቨር የምንጽፍበትን ፕሮቶኮል አልነደፈም፤ የአይኤስኦ 7816 ሦስተኛ ክፍል የወጣው በ1989 ነው። ግሮትሩፕ በሐምሌ 1981 በሙኒክ ሞተ፤ የጀርመኑ ፓተንት የጸደቀው ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ በሚያዝያ 1982 ነበር።