ካርል ሽትሬሎ፦ በበረሃ ያስተማረው ጀርመናዊ

መቼም ከመካከላችን ማንም ሰው ወደማያውቀው ሩቅ ወረዳ መመደብን የማይፈራ የለም። የዚህን ሰው ሕይወት ማወቁ ሳይጠቅመን አይቀርም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርል ሽትሬሎ በዲሴምበር 1871 ጀርመን አገር ፍሬደርስዶርፍ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ አስተማሪ ነበር። ልጁ ኖይንደተልሳው ከሚገኘው የሚሲዮናውያን ማሠልጠኛ ገብቶ ተማረና በ1892 ወደ አውስትራልያ ተላከ። ያን ጊዜ ገና ሀያ ዓመቱ ነው፤ እንግዲህ የኛው እኩያ ነበር ማለት ነው።

አውስትራልያ ሲደርስ የሚያናግረው ጀርመናዊ አላጣም። የፕሩሽያ ንጉሥ አብያተ ክርስቲያናቱን አዋሕዶ በአንድ ዓይነት ሥርዓት አምልኩ ብሎ ቢያስገድድ፣ አንቀበልም ያሉ ሉተራውያን ከ1838 ጀምሮ በፓስተር ካቬል መሪነት በመርከብ ወደ ደቡብ አውስትራልያ ተሰደው ነበር። ክሌምዚግንና ሃንዶርፍን መሠረቱ፤ በባሮሳ ሸለቆ ወይን ተከሉ፤ ቤተ ክርስቲያን በሠሩበት ሁሉ ትምህርት ቤት አስከተሉ፤ ልጆቻቸውን በጀርመንኛ አስተማሩ። ሽትሬሎ የሠራባቸው የሚሲዮን ጣቢያዎችም የሚረዱት እነዚሁ ገበሬዎች በሚያዋጡት ገንዘብ ነበር።

በ1894 ሄርማንስቡርግ ወደሚባለው ጣቢያ ተዛወረ። ስሙ ለኛ አዲስ አይደለም። ጣቢያውን የመሠረተው የጀርመኑ ሄርማንስቡርግ ሚሲዮን በ1853 ካንዳስ የተባለች መርከብ ልኮ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ሞክሮ ያልተሳካለት፣ በኋላም በ1920ዎቹ መጨረሻ ወለጋ አይራ የደረሰው ያው ማኅበር ነው። የአውስትራልያው ጣቢያ በአህጉሩ መካከል፣ በፊንክ ወንዝ ዳር ይገኛል። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያን በጎቻቸውን እየነዱ ከባሮሳ እዚያ ለመድረስ ሀያ ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ ይሁን እንጂ በ1891 ተዳክመው ጥለውት ሄደዋል። ሽትሬሎ የተረከበው እንግዲህ ይህን ነው።

በማግሥቱ ዓመት እጮኛው ፍሪዳ ካይሰር ከጀርመን ብቻዋን መጣችና ተጋቡ። እሷም የአራንዳ ሴቶችን ስፌትና የሕፃናት አያያዝ ታስተምር ጀመር።

ሽትሬሎ ከሁሉ አስቀድሞ ቋንቋውን ተማረ። በዚያ ዘመን ስለ አራንዳዎች የጻፉት ታዋቂው ፕሮፌሰር ስፔንሰር ቋንቋውን አቀላጥፎ አይናገርም ነበር፤ ሽትሬሎ ግን ስብከቱም ትምህርቱም በአራንዳ ሆነ። ልጆቹ ማንበብና መጻፍ የሚማሩት በእናታቸው ቋንቋ ነው። በኋላ በሥዕሎቹ ዝናው የወጣው አልበርት ናማቺራ በዚሁ ትምህርት ቤት ተምሯል። ሽማግሌዎችን ከፊቱ አስቀምጦ ተረታቸውን፣ ዘፈናቸውን፣ የዘር ሐረጋቸውን ቃል በቃል መዘገበ። ይኸው ሥራው ከ1907 እስከ 1920 ፍራንክፈርት ላይ በተከታታይ ክፍሎች ታተመ። ሰዎቹም ኢንግካታ አሉት፤ አለቃ እንደ ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ነገር አለ፣ ሳልጠቅሰው ባልፍ ደስ አይለኝም። ሽትሬሎ ያን ሁሉ እምነት በትጋት እየጻፈ፣ ፓስተር ነውና እንደ ስሕተት ነበር የሚቆጥረው። ክብረ በዓሎቻቸውን ሄዶ አላየም፤ የተጠመቁትም እንዲካፈሉ አልፈቀደም። ቅዱስ ዕቃዎቻቸውንም እየሰበሰበ ወደ ጀርመን ልኳል፤ አብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጠፋ። በዚህ በኩል፣ ለኔ እንደሚመስለኝ፣ የሰጠውንም የወሰደውንም አብሮ ማየት ነው እንጂ አንዱን ብቻ ማንሳት አይገባም።

በ1910 ቤተሰቡን ይዞ ለዕረፍት ወደ ጀርመን ሄደ። ሲመለሱ ከስድስት ልጆቻቸው አምስቱን ለትምህርት እዚያው ትተው ትንሹን ቴዎዶርን ብቻ ይዘው መጡ። ከዚያ በ1914 ጦርነቱ ፈነዳ። አባት አምስቱን ልጆች ዳግመኛ አላያቸውም።

ጦርነቱ በአውስትራልያ ጀርመኖች ላይ ያወረደው መከራ ቀላል አልነበረም። በ1917 የደቡብ አውስትራልያ መንግሥት 49 የሉተራን ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። የቦታ ስሞችም ተሻሩ፤ ሃንዶርፍ አምብልሳይድ፣ ክሌምዚግ ደግሞ ጋዛ ተባለ። ያስተማሩ ሰዎች አንድ ቀን ጠዋት ቋንቋቸው ወንጀል ሆኖ አገኙት እንደ ማለት ነው። ሽትሬሎ ግን ከዚያ ርቆ፣ ሕጉ በማይደርስበት በሰሜኑ ግዛት ውስጥ፣ አዲስ ኪዳንን ወደ አራንዳ መተርጎሙን ቀጠለ፤ በ1919 ጨረሰ። ለቴዎዶርም ላቲንና ግሪክ ያስተምረው ነበር።

በ1922 ሰውነቱ በውኃ እያበጠ ታመመ። ሐኪም የለ፣ መኪና የለ፣ ባቡሩ ያለው በሩቁ ኡድናዳታ ነው። በኦክቶበር ወር በሠረገላ ላይ ወንበር ታስሮለት፣ መተኛት ስለማይችል ተቀምጦ፣ የደረቀውን ወንዝ ተከትለው ይዘውት ወረዱ። አሥር ቀን ሲጓዙ ቆይተው ሆርስሹ ቤንድ ከምትባል የመንገደኞች ማረፊያ ሲደርሱ ኦክቶበር 20 ቀን ዐረፈ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበር። ለሬሳ ሣጥን የሚሆን እንጨት ባለመገኘቱ ከውስኪ ሣጥኖች ጣውላ ተመታለት። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር።

ቴዎዶር አድጎ ቋንቋ አጥንቶ በ1932 ወደ አራንዳ አገር ተመለሰ፤ የአባቱንም ትርጉም አርሞ አዲስ ኪዳኑ በ1956 ታተመ። ከ7,000 በላይ የአራንዳ ቃላት ያሉት የካርል መዝገበ ቃላት ግን በእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ ኖረ፤ ለኅትመት የበቃው በ2018 ነው።