ከወንዝ ዳር የተነሣ ምርምር፤ ዶክተር አክሊሉ ለማና የራያ ቆላ ውኃ

ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው፣ በስተምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በስተምዕራብ እንደ ግድግዳ የቆመውን ደጋ እያየ፣ በመካከላቸው የተዘረጋውን ሰፊ ሜዳ ያቋርጣል። ይህ የራያ ቆላ ነው። ዝናቡ የሚታመን ስላልሆነ የአገሩ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን ሲያጠጣ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃን ለመስኖ ማዋል ጀመረ። በራያ ስለ ውኃ መነጋገር ስለ እንጀራ መነጋገር ነው።

ዳሩ ግን ውኃ የሚያመጣው እንጀራ ብቻ አይደለም። ቀስ ብሎ በሚፈስና በሚቋጥር ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ይራባል፤ ከቀንድ አውጣውም ጋር ቢልሃርዝያ ይከተላል። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በዋጃና በጥሙጋ የተካሄደው፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት፣ በሽታው በዚያ አካባቢ ሥር ሰዶ መኖሩን አረጋግጧል። ከጥናቱ አቅራቢዎች መካከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ተቋም ባልደረቦች ይገኙበታል። ተቋሙ በስማቸው የሚጠራላቸው ሰው የምርምር ሥራቸውን የጀመሩት ልክ እንደዚህ ካለ የወንዝ ዳርቻ ነበር።

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን ተከታትለው በአሜሪካ ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምሩ ዩኒቨርሲቲው ገና ወጣት ነበር። ለአገሩ ምን ሊያደርግ ይገባል የሚለው ጥያቄ በመምህራኑም በተማሪዎቹም ዘንድ የሚነሣበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበርና፣ ብዙ የከተማ ልጅ የገጠሩን ኑሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚሁ ምክንያት ነው። አብዛኞቹ የሚላኩት ግን ለማስተማር ነበር። ከሕዝቡ ለመማር የተላከ ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው።

በዚያው በ1964 ዶክተር አክሊሉ የቢልሃርዝያን ሥርጭት ለማጥናት ዐድዋ ሄዱ። ተልእኳቸው በመጽሐፍ የተጻፈውን ዘዴ መከተል ነበር፤ ወንዙን መፈተሽ፣ ቀንድ አውጣውን መልቀም፣ መቁጠር። ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ስፍራ ሲደርሱ ግን ያልጠበቁትን ነገር አዩ። ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ ከልብስ ማጠቢያው ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይንሳፈፉ ነበር። ሴቶቹ የሚያጥቡት በፋብሪካ ሳሙና አልነበረም። የእንዶድን ፍሬ አድርቀውና ወቅጠው በውኃ በጥብጠው፣ አረፋውን አስነሥተው ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን ያነጡ ነበር። ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ጥቂት ቆይቶ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

የዚህን ምልከታ ክብደት ለመረዳት የበሽታውን አካሄድ ማስታወስ ይበቃል። የበሽታው ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ዐይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ተሕዋስ ወደ ቀንድ አውጣው ገብቶ ይባዛል፤ ከዚያም ወደ ውኃው ተመልሶ፣ በውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ሰንሰለት መካከሉ ላይ ይበጠሳል። በዘመኑ ለዚህ የሚመከረው ከውጭ የሚገዛ ኬሚካል ነበር፤ ዋጋውም ለደኻ አገር የሚቀመስ አልነበረም። እንዶድ ግን በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ ወሎም ሆነ ትግሬ፣ ሸዋም ሆነ ጎንደር፣ እናት ሁሉ የምታውቀው ተክል ነው። በእርግጥ ሴቶቹ ቢልሃርዝያ የሚባል ነገር መኖሩን ላያውቁ ይችላሉ። ይሁን እንጂ የሚያውቁት ነገር ባይኖር ኖሮ ሳይንቲስቱም የሚያየው ነገር ባልኖረ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1966 ዶክተር አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ቀጥሎም ሥራውን ከላቦራቶሪ አውጥተው ወደ ዐድዋ መለሱት። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በቆየው ጥናት፣ የእንዶድ ፍሬ እየተፈጨ በከተማዋ አካባቢ በሚገኙ ጅረቶች ውስጥ ይጨመር ነበር። ጥናቱ ሲጀመር ከተመረመረው ሕዝብ ከመቶ 63ቱ በሽታው ነበረበት፤ ሲፈጸም ቁጥሩ ወደ ሲሶ ገደማ ዝቅ ብሏል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሆነ ሕፃናት የታየው ለውጥ ነው፤ ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ወረደ። ትልልቆቹ በሽታውን ከቀድሞ ይዘውት የቆዩ ስለሚሆኑ፣ አዲስ መያዝ መቆም አለመቆሙ የሚለካው በሕፃናቱ ነው። ለዚህ ውጤት የተከፈለው አምስት ዓመት ትዕግሥት በወረቀት ላይ ቁጥር ሆኖ ሲታይ ቀላል ይመስላል።

ጥናቱ በዐድዋ በመካሄድ ላይ ሳለ የራያ ቆላ በሌላ ምክንያት የዩኒቨርሲቲውን ሰዎች ዐይን ሳበ። በ1973 በወሎ ረሀብ ጸንቶ፣ በወልድያ፣ በቆቦና በአላማጣ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ለዳር ከቀዬው በፈለሰ ሕዝብ ተሞላ። በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፉም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ ቀረበ፤ መንግሥት ሊሸፍነው ይፈልግ የነበረው ጉዳይ በተማሪውና በመምህሩ በኩል ወጣ። ይህ የድፍረት ሥራ ነበር፤ የሚመሰገንም ነው። ሆኖም ምሁር ከሕዝብ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አንድ ብቻ አለመሆኑን ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ያሳያሉ። አንዱ አይቶ ይመሰክራል፤ ሌላው አይቶ ይቀመጣል፤ ለዓመታት በአንድ ወንዝ ዳር ይመላለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1974 የመጣው ለውጥ ዩኒቨርሲቲውንም አናወጠው፤ ተማሪዎቹ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲላኩ መደበኛው ትምህርት ተቋረጠ። ዶክተር አክሊሉም ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ከአገር ውጭ ሆነ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ አገለገሉ፤ በኋላም በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። እንዶድን ግን አልተዉትም። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከተክሉ ተለይቶ የወጣው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። በአገር ቤት ደግሞ የእርሻ ሊቁ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተለያዩ የእንዶድ ዝርያዎችን አሰባስበውና አወዳድረው፣ ዓይነት 44 የተባለውን ኃይለኛ ዝርያ ለይተው አወጡ።

ሆኖም ዓለም አቀፉ የሳይንስ ማኅበር የዐድዋን ውጤት ለመቀበል እጅግ ዘገየ። እንዶድ ዓሣንም እንደሚገድል የታወቀ ነው፤ ለሰውና ለከብት ያለው ደኅንነትም መመርመር ነበረበት፤ ጥንቃቄው በራሱ ተገቢ ነው። አስቸጋሪው ነገር፣ ደኅንነቱ እንደ ሳይንስ የሚቆጠረው በባለጸጋ አገሮች ላቦራቶሪ በነሱው ደንብ ሲፈተን ብቻ መሆኑ ነበር፤ ፈተናው የሚጠይቀው ገንዘብ ደግሞ በእንዶድ አገር አልነበረም። ኬሚካሉን የሚሸጥ ኩባንያ ለፈተና ወጪ ያወጣል፤ በአጥር ሥር ለሚበቅል ተክል ግን ባለቤት ሆኖ ወጪ የሚሸፍን ማነው? ዶክተር አክሊሉ ይህን ክፍተት ለመሙላት ዓመታት ፈጁ። እ.ኤ.አ. በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 በስዋዚላንድ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤዎች ተካሄዱ፤ የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከልም ለደኅንነቱ ፈተና ድጋፍ ሰጠ። ይህ ሁሉ የሆነው ሴቶቹ በእንዶድ ማጠባቸውን ሳያቋርጡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ግን ክብሩን ከጥያቄ ጋር ያቆራኘዋል። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ እየደፈነ ያስቸገረውን የዜብራ ቅርፊት ለበስ እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው፣ ዶክተር አክሊሉ ከቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ባደረጉት ሙከራ ታወቀ። የፈጠራ ባለቤትነቱ መብት የተመዘገበው ለዚያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በብዙ አገር ክርክር የተነሣውም በዚህ ነው፤ ዕውቀቱ በትውልድ ሲወራረድ የቆየበት ሕዝብ በመብቱ ወረቀት ላይ ስፍራ አልነበረውም። እንደ ሕጉ ከሆነ ሴቶቹ የፈጠሩት ነገር የለም፤ እንደ ነገሩ አመጣጥ ከሆነ ግን ያለ እነሱ የሚመዘገብ ነገር አይገኝም ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997 ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም ስማቸውን ያዘ፤ ባልደረቦቹም ወደ ራያ ቆላ ዘለቁ። ሕክምናው በዚህ መካከል ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሽታውን በመቆጣጠር ረገድ ዋነኛው መሣሪያ ሆነ፤ በኢትዮጵያም በብዛት የሚታደለው በየትምህርት ቤቱ ነው። ክኒኑ በሰው ሆድ ያለውን ትል ይገድላል። በውኃው ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ግን አይነካም፤ የዋጃ ልጅም ክኒኑን ከዋጠ በኋላ ከብት ለማጠጣት፣ ልብስ ለማጠብ፣ ለመዋኘት የሚወርደው ወደዚያው ውኃ ነው። እንዶዱም ከሜዳው በላይ ባለው ደጋ ላይ ዛሬም ይበቅላል።