አልዱስ ማኑቲዩስ

አልዱስ ማኑቲዩስ የኢጣሊያ ሰው ነበረ። አስቀድሞ ላቲንና ግሪክ ያስተምር ነበር፤ ዕድሜው ወደ አርባ ዓመት ሲጠጋ ግን ወደ ቬኒስ ሄዶ መጻሕፍት ማተም ጀመረ። በዚያ ዘመን የአነባበብ ምልክት ከመጽሐፍ መጽሐፍ የተለያየ ስለ ነበረ አንባቢ የሚያርፍበትን ስፍራ ለማወቅ ይቸገር ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1496 ዓ.ም. አልዱስ የፒየትሮ ቤምቦን መጽሐፍ ሲያትም ከላይ ነጥብ፥ ከታች ጭረት ያለው አዲስ ምልክት አገባበት። ሥራው እንደ እኛ ድርብ ሰረዝ ነው። እንግሊዞችም እያንዳንዳቸው ሙሉ የሆኑትን፥ በአሳብ ግን የተቀራረቡትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያለ ማያያዣ ቃል ያገናኙበታል፤ ፀሐይ ወጣች፤ ጤዛው ረገፈ እንደ ማለት ነው። አንባቢን ያሳረፈው ይህ ሰው ለራሱ ዕረፍት አልነበረውም፤ እንግዳ ሁሉ ጉዳዩን በአጭሩ ተናግሮ እንዲሄድ በደጁ ላይ ጽፎ ነበር። በ1515 ዓ.ም. በቬኒስ ሞተ።