ኦኔሲሞስ ነሲብ፦ በባርነት ተሸጠው የቋንቋ አባት የሆኑት ሰው

ከአምቦ ተነሥቶ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ ነቀምቴ ያደርሳል። ኦኔሲሞስ ነሲብ እዚያች ከተማ ለመድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ሲሆን በአፋን ኦሮሞ ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው፤ ስም የኋላ ሥራን አስቀድሞ የተናገረ ይመስላል። ሂካ አባቱ ከሞተ በኋላ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ፤ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተሸጠም ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ቨርነር ሙንሲንገር ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮን አስረከበው። በ1872 ሲጠመቅ በጳውሎስ መልእክት የተጠቀሰውን የባሪያውን የኦኔሲሞስን ስም ወሰደ።

የሚሲዮኑ ምንጭ ራቅ ያለ ነው። ጆርጅ ስኮት የተባሉ የሜቶዲስት ሰባኪ በ1830 ስቶክሆልም ገብተው ተራው ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱስን በየቤቱ እንዲያነብ አነሣሡ። ተቃውሞ በርትቶባቸው በ1842 አገሪቱን ለቀው ቢወጡም፣ የሥራ ባልደረባቸው ካርል ኦሎፍ ሩሴኒዩስ ጅምሩን ቀጠሉ። በ1856 የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ሚሲዮኑ ሉተራዊ ነበር፤ ሆኖም ገበሬውም በገዛ ቋንቋው ያንብብ የሚለው መንፈስ አልተለየውም። ይህ መንፈስ ኢትዮጵያ የዛሬ ቅርጿን በምትይዝበት ዘመን በኦኔሲሞስ በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ገባ።

ኦኔሲሞስ በስዊድን ተምረው በ1881 ተመለሱ። በሱዳን በኩል ያደረጉት ጉዞ ሳይሳካ ቀረ። ሁለተኛው ጉዞ እንጦጦ ድረስ ቢያደርሳቸውም፣ አፄ ዮሐንስ ሚሲዮናውያንን ከልክለው ስለነበር ንጉሥ ምኒልክ በመጡበት መለሷቸው። መንገዱ ሲዘጋባቸው ፊታቸውን ወደ ትርጉም አዞሩ።

ችግሩ በልጅነታቸው ከአገራቸው መነጠቃቸው ነበር፤ የገበሬው አነጋገር ከአንደበታቸው ርቋል። ይህን ጉድለት በአብዛኛው የሞላችው እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። ቃላትን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ ሰበሰበች፤ በ1894 የወጣው የንባብ መጽሐፍ የሁለቱም ሥራ ነው። ስሟ ከእርሳቸው ስም ያነሰ መነሣቱ ፍትሐዊ አይደለም። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግእዝ ፊደል በአፋን ኦሮሞ ታተመ።

በ1904 ወለጋ ገቡ፤ የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ከፍተው ያስተማሩትም የሰበኩትም በአፋን ኦሮሞ ነበር። ከማዕከል የመጡት ካህናት ቋንቋውን ስለማያውቁ የሚነገረው ሁሉ አጠራጠራቸው፤ እመቤታችንን ሰደበ ብለውም ከሰሷቸው። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ከአገር እንዲወጡ ፈረዱ። አፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ስብከቱን ግን እንዲተዉ አዘዙ። ውሳኔው አዲሱን መንግሥት ካህናቱንም የአገሩን ሰውም ላለማስቀየም ሲጠነቀቅ ያሳያል።

ኦኔሲሞስም ዐሥር ዓመት ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በትምህርት ቤታቸው ተወሰኑ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ከዚያ በኋላ መጽሐፋቸውን እያሠራጩ፣ በቋንቋቸውም እየሰበኩ ቆይተው በሰኔ 1931 በነቀምቴ አረፉ።