ከሳንሱር ጠረጴዛ ወዲያና ወዲህ፤ የዦርዥ ክሌማንሶ ሕይወት

አንድ አገር በጦርነት ላይ ሳለ መንግሥቱን በጋዜጣ የሚነቅፍ ሰው ለአገሩ የሚያስብ ነውን ወይስ ጠላትን የሚረዳ? ይህ ጥያቄ በየዘመኑና በየአገሩ ተነሥቷል። ነገር ግን በአንድ ጦርነት ውስጥ በሁለቱም ወገን ቆሞ፥ መጀመሪያ ጽሑፉ እንደሚቆረጥበት ጋዜጠኛ፥ ኋላም መቀሱን በእጁ እንደያዘ ጠቅላይ ሚኒስትር የተፈተነበት ሰው ቢፈለግ፥ እንደ ፈረንሳዊው ዦርዥ ክሌማንሶ ያለ በቀላሉ አይገኝም። ብዙዎቻችን ስሙን የምናውቀው በታሪክ ትምህርት ከቬርሳይ ውል ጋራ ተያይዞ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንተርከው ስለ ጋዜጠኛው ክሌማንሶ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ሰጥተናል።

ክሌማንሶ በ1841 ዓ.ም. ቫንዴ በሚባለው የምዕራብ ፈረንሳይ አውራጃ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበረ፤ ነገር ግን ከሕክምናው ይልቅ ሪፑብሊክን አጥብቆ ይወድ ስለ ነበረ በ3ኛው ናፖሊዮን ዘመን ታስሯል። ልጁም የአባቱን ሙያና የአባቱን እልህ አንድ ላይ ወረሰ። በፓሪስ ሕክምና ሲማር ከጓደኞቹ ጋራ ትንሽ ጋዜጣ አቋቋመ፤ ሕዝብ ለሰላማዊ ሰልፍ እንዲወጣ የሚጠራ ማስታወቂያ በመለጠፉም በ1862 ከሁለት ወር በላይ ታሰረ። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እስከ 1869 ድረስ ለ«ለ ታን» ጋዜጣ እየጻፈ፥ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛና ፈረስ ግልቢያ እያስተማረ ኖረ። የደረሰበትም ጊዜ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ገና ያበቃበት፥ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በምክር ቤቱ ተከሶ በአንድ ድምፅ ብቻ የዳነበት ወራት ነበረ። ወጣቱ ሐኪም ይህን ሁሉ እያየ ለአገሩ ሰዎች ይጽፍ ነበር።

ወደ አገሩ ተመልሶ የሞንማርትር ከንቲባ፥ ኋላም የምክር ቤት አባል ሆነ። በ1880 «ፍትሕ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቁሞ፥ በንግግሩና በብዕሩ ካቢኔዎችን መጣል ሥራው ሆነ። በ1885 ዡል ፌሪ በቶንኪን የቅኝ ግዛት ጦርነት ምክንያት ከሥልጣን ሲወርድ፥ ዋናው ተቃዋሚው ክሌማንሶ ነበረ። በዚያው ዓመት ፌሪ አውሮፓውያን ሌሎቹን ዘሮች የመግዛት መብት አላቸው ብሎ ሲከራከር፥ በምክር ቤቱ ተነሥቶ ሐሳቡን ካፈረሱት መካከልም አንዱ እርሱ ነበረ። ይህ በአፍሪካ ላለነው አንባቢዎች ሊታወስ የሚገባው ነገር ይመስለናል።

እንደዚህ ያለ ሰው ጠላት አያጣም። በ1893 ተቃዋሚዎቹ ክሌማንሶ ከእንግሊዞች ገንዘብ እየተቀበለ አገሩን ይሸጣል የሚል ሰነድ አመጡ፤ ሰነዱም በምክር ቤት ተነበበ። ሐሰተኛ መሆኑ ቶሎ ታወቀ፤ ሰነዱን የሠራውም ሰው ተፈረደበት። ዳሩ ግን ጋዜጦቹ ሥራቸውን ሠርተው ጨርሰዋል። በምርጫው ወራት በየደረሰበት በእንግሊዝኛ ቃል እየተፌዘበት፥ በዚያው ዓመት ወንበሩን አጣ። ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፥ ዕዳ ያለበት፥ ሁሉ ያለቀለት ነው ያለው ሰው ነበረ። እንጀራውን ለማግኘት በየቀኑ መጻፍ ጀመረ፤ እውነተኛው ጋዜጠኛ ክሌማንሶም የተወለደው ከዚህ ውድቀት ነው። ድሬፉስ የተባለው መኮንን ያለ ጥፋቱ በክህደት ተፈርዶበት ሳለ፥ ክሌማንሶ መጀመሪያ ፍርዱን ያመነ ቢሆንም፥ ነገሩን ከመረመረ በኋላ በ«ሎሮር» ጋዜጣ ላይ ብዙ መቶ ጽሑፎች ጻፈለት። በ1898 የወጣውን የኤሚል ዞላን ደብዳቤ «እከሳለሁ» የሚል ርእስ የሰጠውም እርሱ ነው። ቀጥሎ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል፥ ከ1906 እስከ 1909 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ፥ በ1913 «ነፃ ሰው» የተባለ አዲስ ጋዜጣ አቋቋመ።

በኦገስት 1914 ታላቁ ጦርነት ተነሣ። የፈረንሳይ የፖለቲካ ወገኖች ሁሉ ጠባቸውን ትተው «የተቀደሰ አንድነት» በሚል ስም ተባበሩ። በዚያው ወር የወጣ ሕግ መንግሥት ከሰጠው በቀር ስለ ጦሩ እንቅስቃሴ ማናቸውም ወሬ እንዳይታተም ከለከለ፤ ሳንሱርም ተቋቋመ። ሳንሱሩ ያልወደደውን ዐረፍተ ነገር ከገጹ ያስነሣ ስለ ነበረ፥ የፓሪስ ጋዜጦች በየጊዜው እንደ ተቀደደ ልብስ ነጭ ባዶ ቦታ እየታየባቸው ይወጡ ነበር።

ክሌማንሶም ጦርነቱን እስከ ድል መዋጋት ይገባል ከሚሉት ወገን ነው፤ ይህን ማስተዋል ያሻል። የተቃወመው የጦርነቱን አመራር እንጂ ጦርነቱን አይደለም። በሴፕቴምበር 1914 የቈሰሉ ወታደሮች ፈረስ በተጓጓዘባቸው ቆሻሻ ፉርጎዎች እየተጫኑ፥ መንጋጋ ቆልፍ በሚባለው በሽታ እንደሚሞቱ ጻፈ። እርሱ ራሱ ሐኪም ስለ ነበረ የሚጽፈውን ያውቃል። መንግሥት ጽሑፉ የሕዝቡን መንፈስ የሚያደክም ነው ብሎ ጋዜጣውን አገደ። እርሱ ግን በዚያው ሰሞን የጋዜጣውን ስም «በሰንሰለት የታሰረ ሰው» ብሎ ለውጦ ማሳተሙን ቀጠለ። በእኛ አስተያየት፥ ፉርጎዎቹ ይታጠቡ ማለት የወታደሩን መንፈስ የሚያደክም አልነበረም። የሚያደክመው በፉርጎው ውስጥ መጫኑ ነበረ።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኖ ቆየ። ጽሑፉ ይቆረጣል፤ እርሱ ደግሞ በነገታው ይጽፋል። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የጦር ጉዳይ ኮሚሲዮን ሊቀ መንበር ስለ ሆነ፥ በጋዜጣ ሊያትመው ያልተፈቀደለትን በተዘጋ ቤት ይጠይቅ፥ ሚኒስትሮችንና ጄኔራሎችንም ያስጨንቅ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሳለ የጦር ግንባሩን ምሽጎች እየዞረ ይጎበኝ ነበር።

በ1917 ነገሩ ሁሉ ከፋ። የአፕሪሉ ማጥቃት ከሽፎ ብዙ ሰው አለቀ፤ በአያሌ ክፍሎችም ወታደሮቹ ወደ ማጥቃት አንሄድም ብለው አመፁ። በዚህ መካከል «ቀይ ቆብ» የተባለ የግራ ወገን ጋዜጣ ሥራ አስኪያጅ ከስዊስ ሲመለስ ምንጩ የጀርመን የሆነ ቼክ ይዞ ተገኘ። ይኸው ጋዜጣ ቀደም ብሎ ከአገር ግዛት ሚኒስትሩ ከማልቪ እርዳታ ይቀበል ነበር። ክሌማንሶ በጁላይ 22 ቀን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተነሥቶ ማልቪን በቸልተኝነት አጥብቆ ከሰሰ፤ ማልቪም በወሩ መጨረሻ ላይ ሳይሆን በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ሥልጣኑን ለቀቀ። በኖቬምበር ፕሬዚዳንት ፖዋንካሬ ክሌማንሶን ባይወደውም ሌላ ሰው ስላጣ መንግሥቱን እንዲመሠርት ጠራው። ምክር ቤቱም በ418 ድምፅ ደገፈው፤ የተቃወሙት 65 ነበሩ። ዕድሜው 76 ነበረ።

እንግዲህ ያ ሦስት ዓመት ሳንሱርን የረገመ ሰው ሳንሱሩን ምን ያደርገው ይሆን? አላፈረሰውም። ጋዜጣው «ነፃ ሰው» ወደሚለው ስሙ ተመለሰ፤ ሳንሱሩ ግን ቀረ። ያደረገው ለውጥ ቢኖር፥ መንግሥትንና ራሱን ክሌማንሶን የሚነቅፍ የፖለቲካ ጽሑፍ እንዳይቆረጥ፥ የጦርና የውጭ ጉዳይ ወሬ ግን እንደ ቀድሞው እንዲመረመር ማዘዙ ነው። ጋዜጦችም በእርግጥ ሰደቡት፤ እርሱም ተሰደበ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በራሱ ላይ የሚወረወረውን ድንጋይ እያየ መቀሱን የሚያስቀምጥ ባለሥልጣን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ወሰኑን ማን ይለካዋል? ስለ ሰላም ድርድር መጻፍ የፖለቲካ ሐሳብ ነው ወይስ የውጭ ጉዳይ? በመቀሱ ሥር የሚወድቀው ይህን የመሰለው ጽሑፍ ነበረ። የጋዜጦቹንም ነገር ይከታተል የነበረው ከጋዜጠኝነቱ ዘመን ጀምሮ አብሮት የሠራው ታማኙ ዦርዥ ማንዴል ነበረ፤ ሙያውን የሚያውቅ ጠባቂ ደግሞ ከማያውቀው ይልቅ ይጠነቀቃል።

ከዚህ የከበደው ነገር ፍርድ ቤት የደረሰው ነው። የ«ቀይ ቆብ» ሥራ አስኪያጅ በ1918 በጥይት ተገደለ። ከጠላት ጋራ መስማማት ይሻላል የሚለው ወገን መሪ፥ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ካዮ፥ በጃንዋሪ 1918 ታሰረ። ማልቪ በኦገስት ለአምስት ዓመት ከአገር እንዲወጣ ተፈረደበት፤ የፈረደበት ምክር ቤት ራሱ ግን ከክህደት ክስ ነፃ ነው ብሎታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ ክሌማንሶ ግን የተወጋ ሆኖ የረሳ ይመስለናል። በ1893 የተቃዋሚው ሐሳብ በጠላት ገንዘብ የተገዛ ነው የሚለው ወሬ ምን እንደሚያደርግ በገዛ ሥጋው ያየ ሰው፥ ሰላምን መሻትና አገርን መሸጥ በአንድ መዝገብ ሲጻፉ ዝም ማለት አልነበረበትም። በጦርነቱ ጊዜ የስለላ ገንዘብ የገባባቸው ጋዜጦች መኖራቸው እርግጥ ነው። ካዮ ግን ከተቃዋሚነት ያለፈ ጥፋት ስለ መሥራቱ የቀረበው ማስረጃ ደካማ ነበረ።

በሌላ በኩል ጦሩን በመምራት ማንም አልተካከለውም። በ1918 ማርች ጀርመኖች ግንባሩን ሰብረው፥ ፓሪስም በረዥም መድፍ ስትደበደብ፥ የተባባሪዎቹ ጦር በፎሽ አመራር ሥር እንዲሆን ከተስማሙት አንዱ ነበረ። በጁን የምክር ቤት አባሎች ጄኔራሎቹ ይቀጡ ብለው ሲጮኹ፥ ትናንት በጋዜጣው ጄኔራሎቹን ሲመረምር የነበረው ሰው ዛሬ በፊታቸው ቆሞ ተከላከለላቸው። በኖቬምበር 11 ቀን ጦርነቱ ሲቆም ሕዝቡ «የድል አባት» ብሎ ሰየመው።

ሳንሱሩ ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እንኳ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። የቬርሳይ ውል በ1919 ሲመከርበት የፈረንሳይ ጋዜጦች አሁንም እየተቆረጡ ይወጡ ነበር፤ የተነሣው በኦክቶበር 1919 ነው። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ አንድ ወጣት በጥይት አቈሰለው፤ የሞት ፍርድ የተፈረደበትን ይህን ወጣት ቅጣቱ ወደ አሥር ዓመት እስራት እንዲለወጥለት አደረገ። በ1920 ፕሬዚዳንት እሆናለሁ ብሎ ሲጠብቅ ምክር ቤቱ ሌላ ሰው መረጠ፤ እርሱም ከፖለቲካ ወጣ። ካዮ በ1925 የገንዘብ ሚኒስትር፥ ማልቪ በ1926 እንደ ገና የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆነው ሲመለሱ ሽማግሌው በፓሪስ ቤቱ ተቀምጦ አየ። በ1929 ኖቬምበር ሞቶ በቫንዴ ከአባቱ መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

በ1915 ጥቂት ፌዘኛ ጋዜጠኞች የክሌማንሶን ጋዜጣ ስም ተከትለው «በሰንሰለት የታሰረ ዳክዬ» የሚል ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቁመው ነበር፤ ዳክዬ ማለት በፈረንሳይኛ የመንደር አነጋገር ጋዜጣ ማለትም ነው። የክሌማንሶ ጋዜጣ ዛሬ የለም። ዳክዬው ግን እስከ ዛሬ በፓሪስ በየሳምንቱ ረቡዕ ይወጣል።